የዲያግራም ቀልድ በድረ ገጽ ኮሚክ

የዲያግራም ቀልድ ማለት ግራፍን፣ የክብ ቻርትን፣ የቬን ዲያግራምን፣ የፍሰት ቻርትን ወይም ካርታን ሰውን ለማሳቅ መጠቀም ነው። ቀልዱ የሚሠራው የልኬትን ወግ ተውሶ ሊለካ የማይችለውን ነገር፣ ለምሳሌ ፍቅርን፣ ስንፍናን ወይም ይሉኝታን፣ እንደ ተለካ አስመስሎ በማቅረብ ነው። በድረ ገጽ ኮሚኮች፣ ማለትም በቅድሚያ በኢንተርኔት በሚወጡ የሥዕል ታሪኮች፣ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የተለመደ ስልት ሆኗል። ይህ ቀልድ የሚገባው ግን የዲያግራሙን አነባበብ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢ፣ በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ዙሪያ፣ ግራፍ የዝናብና የከብት ጉዳይ በመሆኑ የሥዕል ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫ ሠርቷል፤ ዲያግራም ቀልድን ከማገልገል ይልቅ ሥዕል መለኪያን ለማስረዳት ውሏል።

ታሪክ

በመስመር የመቀለድ ልማድ ከዘመናዊው ግራፍ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሎረንስ ስተርን ትሪስትራም ሻንዲ በተባለው ልቦለዱ፣ በ1762 እ.ኤ.አ. በወጣው 6ኛ ቅጽ፣ ትረካው ምን ያህል ከመንገዱ እየወጣ እንደ ሄደ በተጠማዘዙ መስመሮች ሥሎ አሳይቷል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር የመስመርና የባር ግራፍ ለንግድ መረጃ የተጠቀመበትን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1786 እ.ኤ.አ. ነው። የክብ ቻርትንም በ1801 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ። ጆን ቬን በስሙ የሚጠሩትን ተደራራቢ ክቦች ያብራራው በ1880 እ.ኤ.አ. ነበር። እነዚህ ቅርጾች በትምህርት ቤትና በጋዜጣ ሲለመዱ ለቀልድም ተዘጋጁ፤ የሚያሾፉበት ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነውና።

በኢንተርኔት ዘመን ስልቱን ካስፋፉት መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

ፒኤችዲ ኮሚክስ፦ ሆርሄ ቻም በ1997 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ኑሮ በታሪክም በግራፍም ያሳያል።

ኤክስኬሲዲ፦ ራንዳል ሞንሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ሰዎቹ በጥቂት መስመር የተሣሉ ናቸው፤ ግራፎቹና ካርታዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ዝርዝር የበዛባቸው ናቸው። ሞንሮ ፊዚክስ የተማረና በናሳ የሠራ ሰው ነው።

ኢንዴክስድ፦ ጄሲካ ሄጊ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረችው። በትንንሽ ካርዶች ላይ ያለ ምንም ገጸ ባሕርይ፣ በቬን ዲያግራምና በመስመር ግራፍ ብቻ የተሠራ ነው።

ሳተርዴይ ሞርኒንግ ብሬክፋስት ሲሪያል፦ የዛክ ዋይነርስሚዝ ሥራ ሲሆን፣ የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስና የፍልስፍና ቀልዶችን አንዳንዴ በግራፍ ያቀርባል።

እንዴት ያስቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት የግራፍ ክብር ነው። ቁጥርና ዘንግ ያለው ነገር እውነት ይመስላል። ተራ ሐሜት በዘንግ ላይ ሲቀመጥ በይዘቱና በአለባበሱ መካከል የሚፈጠረው አለመመጣጠን ሳቅ ያመጣል።

ሁለተኛው የአንባቢው ድርሻ ነው። የተጻፈ ቀልድ መጨረሻውን ራሱ ይናገራል። በዲያግራም ግን አንባቢው አግድሙን ዘንግ ያነባል፣ ቋሚውን ዘንግ ያነባል፣ ከዚያም መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ትርጉሙን ራሱ ይደርስበታል። ከቅኔ ሰምና ወርቅ ጋር የሚመሳሰልበት ጎን አለ፤ ሰሙ ግራፉ ነው፣ ወርቁን የሚያወጣው አንባቢው ነው። ስለዚህም ሥዕሉ ሥር ማብራሪያ ሲጻፍ ቀልዱ ይሞታል።

ሦስተኛው እጥረት ነው። በአንድ ዲያግራም ውስጥ ያሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጡም። ይህ ብዙ ቋንቋ በሚነገርባቸው ከተሞች ይጠቅማል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚሰሙበት ገበያ አንዱን ሥዕል ለሁሉም ለማድረስ ጥቂት ቃላትን መቀየር ይበቃል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

የመስመር ግራፍ፦ ለውጥን ያሳያል። ለምሳሌ ያህል በአግድሙ ዘንግ ላይ «ሚኒባሱ የቆመበት ደቂቃ»፣ በቋሚው ዘንግ ላይ «የቀረው ሰው» ብንጽፍ፣ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። እውነተኛው መስመር ከ8 ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። «ረዳቱ እንደሚለው» የሚለው መስመር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 1 ላይ ተጋድሟል።

የባር ግራፍ፦ መጠንን ያወዳድራል። የ13ቱን ወራት ደመወዝና ወጪ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ በጳጉሜን የደመወዙ ባር ዜሮ ላይ ይቀራል፤ እንቁጣጣሽ ደጅ ላይ ስለሆነ የወጪው ባር ከገጹ ጠርዝ ያልፋል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

የቬን ዲያግራም፦ የጋራ ክፍልን ያሳያል። ቀልዱ የሚገኘው ክቦቹ ሲገናኙ ባልተጠበቀው መሐል፣ ወይም መገናኘት ሲገባቸው ሳይነካኩ ሲቀሩ ነው።

የፍሰት ቻርት፦ ውሳኔን በቀስት ይመራል። ቡና ላይ የተቀመጠ እንግዳ «ልሂድ?» ብሎ ይጀምራል። «በረካ ጠጥተዋል?» ለሚለው «አይ» ካለ ቀስቱ «ይቀመጡ» ወደሚለው ይወስደዋል። «አዎ» ካለ «ምሳ ደርሷል» ወደሚለው፣ ከዚያም እንደገና «ይቀመጡ» ወደሚለው ይመልሰዋል። መውጫ ቀስት የለውም።

ያለ ልክ የተዘረጋ መስመር፦ ከጥቂት ነጥብ ተነሥቶ ሩቅ መተንበይ ነው። ከኤክስኬሲዲ ታዋቂ ሥራዎች አንዱ ሙሽራን ይመለከታል፤ ትናንት 0 ባል ነበራት፣ ዛሬ 1 አላት፣ መስመሩ በዚሁ ከቀጠለ በመጪው ወር መጨረሻ በደርዘን የሚቆጠሩ ባሎች ይኖሯታል። በሁለት ነጥብ ብቻ መደምደም ስሕተት መሆኑን ከብዙ ትምህርት በተሻለ ያስታውሳል።

ራሱን የሚገልጽ ዲያግራም፦ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የኤክስኬሲዲ ሥራ በውስጡ ያሉት ግራፎች ሁሉ የሚለኩት ሥዕሉን ራሱን፣ ማለትም የፈሰሰበትን ጥቁር ቀለም መጠንና ቦታ ነው።

የነጌሌ የዝናብ ግራፍ

አንድ ዲያግራም ለአንዱ አንባቢ ቀልድ፣ ለሌላው ተራ መረጃ ሊሆን እንደሚችል የዝናብ ግራፍ ያሳያል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ሲሣል ከፍተኛው ጉብታ በሐምሌና በነሐሴ ላይ ይወጣል። የነጌሌ ቦረና ግራፍ ግን ሁለት ጉብታ አለው። ትልቁ በሚያዝያ ዙሪያ የሚመጣው ጋና የተባለው ወቅት ነው፤ ሁለተኛው በጥቅምት ዙሪያ የሚመጣው ሐገያ ነው። ደጋው በጎርፍ በሚታጠብበት በሐምሌ ቦረና ውስጥ አዶሌሳ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ ሰማዩም ዝናብ የማይጥል ነው።

ሁለቱን መስመሮች በአንድ ዘንግ ላይ አስቀምጦ፣ ሐምሌ ላይ ቀስት ስቦ «አሁን ክረምት ነው» ብሎ መጻፍ ለነጌሌ ተማሪ ቀልድ ነው። የሚስቀው በአዲስ አበባ ሰው ላይ አይደለም፤ አንዱን ጉብታ የአገሩ ሁሉ ጉብታ አድርጎ በሚያስተምር ልማድ ላይ ነው። የነጌሌን ወቅት የማያውቅ አንባቢ ግን በዚያው ሥዕል ላይ ትክክለኛ የሚመስል ጽሑፍ ብቻ ያያል።

የሥዕል ታሪክ መለኪያን ሲያስረዳ፦ የቦረና የከብት ኢንሹራንስ

በቦረና የሥዕል ታሪክና መለኪያ የተገናኙበት እውነተኛ ጉዳይ በመለኪያ ላይ የተመሠረተው የእንስሳት ኢንሹራንስ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋምና አጋሮቹ በ2010 እ.ኤ.አ. በኬንያ ማርሳቢት የጀመሩትን አገልግሎት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በቦረና ለአርብቶ አደሮች ማቅረብ ጀመረ።

ይህ ኢንሹራንስ የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይመለከታል፤ የአካባቢው ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ውል የገባ ሁሉ ይከፈለዋል። አሠራሩ ወጪን ይቀንሳል፤ ሆኖም ሰውን ግራ ያጋባል። ከብቱ የሞተበት ሰው መለኪያው ካልወረደ አይከፈለውም፤ ከብቱ የተረፈለት ሰው ደግሞ መለኪያው ከወረደ ይከፈለዋል።

ይህን ለማስረዳት ከአገልግሎቱ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች በዕጣ ለተመረጡ ቤተሰቦች የማስተማሪያ መሣሪያ አደሉ፤ ከነዚህም መካከል የሥዕል ታሪክና የድምፅ ቅጂ ይገኙበታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፁ፣ ማየት ለሚመርጥ ደግሞ ሥዕሉ ያገለግል ነበር። ለሌሎች የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ተሰጠ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ውጤት ትምህርት ሰጪ ነው፦ መሣሪያዎቹ የአርብቶ አደሮቹን ግንዛቤ አሻሽለዋል፤ የተሻለ ግንዛቤ ግን የገዢውን ቁጥር አልጨመረም። የጨመረው የዋጋ ቅናሹ ነው።

ጉዳዩ በሁለት ክቦች ሊሣል ይችላል። አንዱ ክብ «መለኪያው ድርቅ ያለበት ዓመት»፣ ሌላው «የእኔ ከብት ያለቀበት ዓመት» ይባል። ሁለቱ በሚደራረቡበት ቦታ ኢንሹራንሱ ሥራውን ይሠራል። ከመደራረቡ ውጭ ያለው ሁለተኛው ክብ ግን ከብት አልቆ ክፍያ የማይመጣበት ዓመት ነው። በድረ ገጽ ኮሚክ ላይ ይኸው ቅርጽ የሚያስቀው ክቦቹ ባለመገጣጠማቸው ነው፤ ለከብት ባለቤት ግን በክቦቹ መካከል ያለው ክፍተት የቤተሰብ ኑሮ ነው። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ብዙ ከብት አጥቷል። በዚያ ወቅት የተሣለ የዝናብ ግራፍ ማንንም አያስቅም።

በግዕዝ ፊደል ማዘጋጀት

በአማርኛ የሚታተም ኮሚክ በኢንተርኔት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀምበር የተባለ የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል። የዲያግራም ቀልድ ግን የራሱ ጥንቃቄዎች አሉት።

በቋሚው ዘንግ ላይ የሚጻፈው ቃል በጎኑ ሲተኛ የግዕዝ ፊደላት ለማንበብ ያስቸግራሉ፤ ትንንሾቹ የቅጥያ ምልክቶች ስለሚደበዝዙ «ሐ» እና «ሑ» ሊምታቱ ይችላሉ። ቃሉን ከዘንጉ አናት ላይ አግድም መጻፍ ይሻላል። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ርዕስን ለመለየት የፊደል ውፍረት ወይም መጠን መቀየር ያስፈልጋል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ማብራሪያ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሲቆረጥ ትርጉሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለዘንግ ስም እንደ «የቀረው ሰው» ያለ አጭር ስያሜ ይመረጣል።

የጊዜ ዘንግም ማሰብ ይጠይቃል። ከመስከረም የሚጀምር ዓመት 13 ቦታ ይፈልጋል፤ ከውጭ የተወሰደ ባለ 12 ቦታ ቅጽ ጳጉሜንን ይውጣታል። የቀን ሰዓትም ከንጋት ስለሚቆጠር፣ አንባቢው «2 ሰዓት» ሲል ጠዋትን እንጂ ከቀትር በኋላን አያስብም።

ቀልድና ማሳሳት

የቀልድ ግራፍ ከሠሪው ስም ተነጥሎ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲዘዋወር እንደ እውነተኛ መረጃ ሊታይ ይችላል። መለየት የሚያስቸግረው አንዳንድ ሠሪዎች ሁለቱንም ስለሚሠሩ ነው። ሞንሮ ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. የጨረር መጠንን የሚያወዳድር ቻርት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካለፈው የበረዶ ዘመን ጀምሮ የምድርን ሙቀት የሚያሳይ ረጅም ሥዕል አውጥቷል። በሁለቱም ውስጥ ጨዋታ አለ፤ ቁጥሮቹ ግን ከሳይንሳዊ ምንጭ የተወሰዱ ናቸው።

ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ዘንጎቹ የሚለካ ነገር ይናገራሉ? መለኪያ አሃድ፣ ማለትም ሚሊሜትር፣ ብር ወይም ቁጥር አለ? መረጃውን የሰበሰበው ማን እንደሆነ ተጽፏል? ሦስቱም ከሌሉ ሥዕሉ ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ቀልድ ካልሆነ ደግሞ መጥፎ ግራፍ ነው።