ብልጭ ድርግም የሚለው ኒንቴንዶ፦ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመድ፣ ልጅ ሳለ ይጫወትበት የነበረውን ጌም ለወንድሙ ልጆች ይዞ ይመጣል። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካል። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ይሞላዋል። “ተበላሸ” ይባልና ዕቃው ወይ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል ወይ ለቆራሌው ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ግን የተቃጠለው ጌሙ አይደለም፤ አዳፕተሩ ነው። ያልሞተን ዕቃ መቅበር ማለት ይህ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው እ.ኤ.አ. በ1985 በኒውዮርክ ገበያ ላይ በዋለው ግራጫው ኒንቴንዶ (ኤንኢኤስ) ላይ ነው። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም በሚል ስም የወጣው የዚሁ ማሽን ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ሁለቱ ተደምረው ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ሊጠገን የማይችለው ጥቂቱ ነው።

በቅድሚያ፦ ኃይሉ

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አዳፕተር የሚቀበለው 120 ቮልት ነው። የእኛ ሀገር መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር ፈጽሞ መሰካት የለበትም። አዳፕተሩ ከተቃጠለ ከፍቶ ለመጠገን ከመድከም መቀየሩ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የኤንኢኤስ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ) ነው። ማሽኑ በውስጡ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩ አራት ዳዮዶች ስላሉት፣ 9 ቮልት ዲሲ የሚሰጥና ከ1 አምፔር የማያንስ ሌላ አዳፕተርም ያስነሳዋል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቢገላበጥም ችግር የለውም። ይህንኑ የኤንኢኤስ አዳፕተር ወስዶ ፋሚኮም ወይም ሴጋ ላይ መሰካት ግን ማሽኖቹን ይገድላል። እነሱ የሚፈልጉት ዲሲ ብቻ ነው። የሶኬቱ ቀዳዳ ስለገጠመ ብቻ ኤሌክትሪኩም ገጥሟል ማለት አይደለም።

አዳፕተሩ ደህና ሆኖ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ፣ በውስጡ ያለችውን 7805 የተባለች የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በቴስተር መለካት ነው። 5 ቮልት የማታወጣ ከሆነ ትቀየራለች። ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥላ ወይም ድምፁ ላይ እምም የሚል ነገር ካለ፣ ከእሷ አጠገብ ያለው ትልቁ ካፓሲተር አርጅቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል

የዚህ ማሽን ዋነኛ በሽታ ይህ ነው። መብራቷ በየሰከንዱ ትበራለች፣ ትጠፋለች፤ ስክሪኑም አብሯት። ምክንያቱ ምንድን ነው? በማሽኑና በካሴቱ ውስጥ አንድ አንድ የቁልፍ ቺፕ አለ። ሁለቱ ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። ንግግራቸው ከተቋረጠ የማሽኑ ቺፕ ዋናውን ፕሮሰሰር ደጋግሞ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ንግግሩን በአብዛኛው የሚያቋርጠው ደግሞ ቆሻሻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቱ ይጸዳል። ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል (ቢቻል ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን) ነክሮ የካሴቱን የመዳብ ጥርሶች በሁለቱም ወገን ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ማሸት፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ነው። ልጆች ሳለን የለመድነው እፍ ማለት ግን ይቅር። የትንፋሽ እርጥበት ጥርሱን ያዝገዋል፤ ኒንቴንዶ ራሱም እፍ አትበሉ ሲል አስጠንቅቋል። እፍ ስንል የሚሠራልን ካሴቱን አውጥተን ዳግመኛ ስለምንከተው ነው።

ካልተሻለው ተራው የማሽኑ ይሆናል። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በተራ ባለመስቀል ካቻቢቴ መክፈት ይቻላል። ውስጥ ባለ 72 ፒን ማገናኛ አለ። ተስቦ ይወጣና በአልኮል ይጸዳል። ብዙ ጠጋኞች ፒኖቹን በመርፌ ቀና ያደርጓቸዋል፤ ሲበዛ ግን ካሴቱን አንቆ የሚይዝና ጥርሱን የሚፍቅ ማገናኛ ይፈጠራል። ተመሳስለው የተሠሩ አዳዲስ ማገናኛዎችም ይህ ችግር አለባቸው። እንደ እኔ፣ ዋናውን አጽድቶ መመለስ ይቀድማል።

መብራቷ ሳትርገበገብ ስክሪኑ አንድ ቀለም ብቻ ካሳየ፣ ቁልፉ ተግባብቷል፣ ሌሎቹ ፒኖች ግን አልነኩም ማለት ነው። መድኃኒቱ ያው ጽዳት ነው።

ቁልፉና ሕጉ

አንዳንዶች የማሽኑን ቁልፍ ቺፕ 4ኛ እግር በመቁረጥ ብልጭታውን ለዘለቄታው ያስቆማሉ። ይህ በሕግ ያስጠይቃል ወይ?

ቁልፉ በአሜሪካ ትልቅ ሙግት አስነስቶ ነበር። አታሪ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የቁልፉን ፕሮግራም ቅጂ ከቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ ያወጣው፣ ያልነበረ ክስ እንዳለ አስመስሎ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1992፣ አሠራሩን ለመረዳት ሲባል ፕሮግራምን መመርመር በመርህ ደረጃ ሊፈቀድ እንደሚችል ገልጾ፣ ቅጂውን በሐሰት ያገኘ ግን በዚህ መከላከያ ሊጠቀም አይችልም በማለት የዕግድ ትእዛዙን አጽንቷል። ክርክሩ ካሴት አምርቶ ስለመሸጥ እንጂ የራስን ዕቃ ስለመጠገን አልነበረም።

በእኛም ሕግ ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለሀብትነትን በግዙፍ ዕቃ ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ያየዋል። በአንጻሩ በካሴቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ሳጥኑ የእርስዎ ነው፤ ጌሙን አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ምስል፣ ባትሪና ትውስታ

የአሜሪካው ማሽን ምስል የሚልከው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ነው፤ በእኛ ሀገር የኖረው ግን ፓል ነው። በአንቴና ገመድ ምስል ካጡ አይደንግጡ፤ በጎን ባሉት ቢጫና ቀይ ቀዳዳዎች ከቴሌቪዥኑ ኤቪ ጋር ያገናኙት። ሽጉጡ ግን በባለቱቦው የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

እንደ “ዜልዳ” ያሉ ጨዋታዎች የተደረሰበትን ደረጃ የሚያስታውሱት በካሴቱ ውስጥ ባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ጌሙ መሥራቱን አያቆምም፣ ትውስታው ግን ይጠፋል። ባትሪዋን ማውጣትም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ከ30 ዓመት በፊት ሟች ወንድም ወይም አባት ስሙን ጽፎ የተወበት ካሴት ከሆነ፣ ከመቀየርዎ በፊት ስክሪኑን ፎቶ ያንሱት። አዲሷ ባትሪ የብየዳ ጆሮ ያላት ትሁን፤ በባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ሊያፈነዳት ይችላል።

በመጨረሻም፣ የድሮ ቴሌቪዥን ሆድ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛልና እሱን ለባለሙያ ይተዉት። የቀረውን ግን ጥጥ፣ አልኮል፣ ካቻቢቴና አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይበቁታል። ልጆችዎንም አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የተበላሸ ሁሉ እንደማይጣል የሚያዩበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።