ማኅደር ብንለውስ?

የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ «ኤስኤስዲ ሃርድ ዲስክ አለ?» የሚል ገዢ አይጠፋም። ሻጩ ይግባባዋል፤ እኔን ግን አጠራሩ ያሳስበኛል። ዲስክ መነሻው የግሪኩ «ዲስኮስ» ነው፤ የሚወረወር ዝርግና ክብ ነገር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ያደረገው የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ 50 ክብ ሰሌዳዎችን እያሽከረከረ 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ይይዝ ስለነበር ስሙ ልኩ ነበር። «ሃርድ» የሚለውም ከተጣጣፊው ፍሎፒ ይለየዋል። ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚሽከረከር የለም፤ ያለው ቺፕ ነው። በጅምላ «ሃርድ ዲስክ» ማለት ገዢውን ይጎዳል፦ ላፕቶፑ የሚቀበለው 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላትን ቀጭኗን ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ሆኖ ሳለ ባለ 2.5 ኢንቹን ይዞ ይገባል። «ሚሞሪ» ማለቱም አያዋጣም፤ ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ከራም ጋር ያደናግራል። እኔ «ማኅደር»ን እመርጣለሁ። ሥሩ የግእዙ «ኀደረ» ነው፤ አደረ፣ ተቀመጠ ማለት። የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ መያዣ ማኅደር ይባላል፤ የሠራተኛም ፋይል «የግል ማኅደር» ነው። እንግዲያው አሮጌውን «ባለ ዲስክ ማኅደር»፣ አዲሱን «ባለ ቺፕ ማኅደር» እንበል። ልትገዙ ስትሄዱም ቅርጹንና የግንኙነት ዓይነቱን፣ ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።