ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሠላሳ

ባዝ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው የአፄ ኃይለ ሥላሴን የስደት ዘመን ነው። እንግሊዞች ግን ከተማዋን ከሁሉ በፊት የሚያውቋት በድንጋይ ቤቶቿ ነው። ከእነዚህ ዋናው ሮያል ክሬሰንት ነው፤ ከሰፊ ሜዳ በላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቀልብሶ የቆመ ሕንጻ።

ከሩቅ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ግን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ 30 መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ግንባታው የተጀመረው በ1767 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አርክቴክቱ ትንሹ ጆን ውድ ይባላል፤ ትልቁ ጆን ውድ አባቱ ነው፤ እሱም አርክቴክት ነበር።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ውድ የነደፈው ፊቱን ብቻ ነው። ቦታ የወሰደ ሰው ከፊቱ ግድግዳ አንዲት ድንጋይ መለወጥ አይችልም፤ ከኋላ ያለውን ቤት ግን በራሱ ባለሙያ እንደ ኪሱና እንደ ፍላጎቱ ያሠራል። ስለዚህ ከፊት 114 ዓምዶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ዞረው ከኋላ ቢያዩት ግን አንዱ ጣሪያ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ አንዱ ግድግዳ ወጣ፣ ሌላው ገባ ብሎ ያገኙታል። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ፊቱ ግን የመንገደኛው ሁሉ ነው።

በኤፕሪል 1942 የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን ሲደበድቡ የክሬሰንቱ 2 እና 17 ቁጥር ቤቶች ውስጣቸው ተቃጠለ። በኋላ ተጠገኑ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ጥፋት ግን ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ በከተማው አስተዳደር ፈቃድ የተፈጸመ ነበር። ክሬሰንቱን የነካው የለም። የፈረሱት የዚያው ዘመን የእጅ ባለሙያዎችና የሠራተኞች ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። «አርጅተዋል፣ ለኑሮ አይመቹም» ተባለ። አዳም ፈርጉሰን በ1973 ባወጣው መጽሐፍ ይህን የባዝ ዘረፋ ብሎ ጠራው። ጩኸቱ እየበረታ ሄዶ ማፍረሱ ተገታ፤ የሄደው ግን አልተመለሰም።

በ1987 ዩኔስኮ ባዝን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ዛሬ ጎብኚው ክሬሰንቱን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ ድንጋዩን የጠረቡና የገነቡ ሰዎች የት ይኖሩ እንደነበር ለማየት ቢፈልግ ግን ብዙው ጠፍቷል። ቅርስ ማለት የባለጸጋው በር ብቻ ከሆነ፣ የሚተርፈው ታሪክ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም።