ጣቅ ጣቅ፦ ከአለም በር እስከ ጋፋት

ድምፁ የጀመረው አለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ነው። ጣቅ… ጣቅ… ጣቅ። ሾፌራችን ነዳጅ ሲሰጥ ይፈጥናል፤ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል። መኪናዋ ከሁላችንም ዕድሜ የምትበልጥ፣ ካርቡራተር ያላት አሮጊት ናት። ወዲያው ሁላችንም መካኒክ ሆንን። አንዱ «ቢዬላ ነው፣ ሞተሩ አለቀለት!» አለ። ሌላዋ «ኧረ ቤንዚኑ ነው» አለች። ሦስተኛው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ መፍትሔ አገኘ። (ይህ ዘዴ በአገራችን ከመኪና ውጭም በሰፊው ይሠራበታል።)

ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን መኪና ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ጉልበት ሲያጣ ሾፌር ነዳጅ ይረግጣል። እናም ሜዳ ላይ ተደብቆ የኖረ ሕመም ዳገት ላይ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ደብረ ታቦር ያገኘናቸው ሽማግሌ መካኒክ መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁን። «ጠዋት ስታስነሱት ነበረ? ሲሞቅ ይብስበታል ወይስ ይሻለዋል? ሜዳ ላይስ?» እኛም ታማሚ ይዞ እንደመጣ ቤተሰብ እየተሻማን መለስን። በመጨረሻ «ልጆቼ፣ ይህን ሞተር መጨረሻ የነካው ማነው?» አሉን። ተያየን። ለካ ከሳምንት በፊት ካንዴላዎቹ ተቀይረው ነበር። (የት እንደሆነ አንናገርም።)

ከዚህ በኋላ ነው ሥራ የጀመሩት። ሞተሩ እየሠራ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። የካንዴላ ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ እየያዙ አንድ በአንድ ነቀሉ። የሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ለዘብ አለ። ካንዴላው ሥር ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉ፤ ዘይቱ አረፋ ደፈቀ። ካንዴላው ሲገባ በደንብ አልጠበቀም ነበር። ቤንዚኑ በነደደ ቁጥር ጋዙ በጥርሱ መሃል እየሾለከ ነው «ጣቅ» የሚለው። በመፍቻ ሩብ ዙር አጠበቁት። አለቀ። ቀብሩን ስንደግስለት የነበረው ሞተር ዝም ብሎ መሥራቱን ቀጠለ።

እንግዲህ «ታሪክ ልትጽፉልን ነው ብለን የጋራዥ ወሬ አመጣችሁብን» እንዳትሉን። ሽማግሌው ያደረጉት የታሪክ ምርመራ ነው። ድምፁ የት እንዳለ ከመፈለጋቸው በፊት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ሞተር ከመክፈት በፊት ያለፈውን መጠየቅ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ደረት አዳመጠ፤ የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ ከዚያ ተወለደ። የሽማግሌው ካቻቪቴም የዚያ ወረቀት ዘመድ ናት።

ቃሎቻቸውም ታሪክ አላቸው። ካንዴላ፣ ቢዬላ፣ ካቻቪቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ… ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። አፄ ምኒልክ መኪና ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ሲያመጣላቸው። መኪናና ጋራዥ የበዛው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ነው። ወራሪው ሲባረር ከጣልያን ባለሙያዎች ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ከእነሱ ሥር መፍቻ ያቀብሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን ከነቃሉ ወረሱት። የወጣንበት መንገድም እንዲሁ የውጭ እጅ አለበት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በመጣው ብድር፣ ቻይናውያን ከወረታ ወልዲያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሠሩ፤ ሥራው ያለቀው በደርግ ዘመን ነው። ቃሉ ከጣልያን፣ መንገዱ ከቻይና። ጆሮው ግን የራሳችን ነው!

ይህ ጆሮ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ጠፍቶ ያውቃልና። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሄዱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ጋፋት ግን የሙያ ትምህርት ቤት ሆና አልቀጠለችም። ዕቃው ቀረ፣ እውቀቱ ሄደ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም ይበጃል፣ አንከራከርም። ግን አሮጊቶቹ ገና ለብዙ ዓመት ዳገት ይወጣሉ። ከላይ የሚሰማ ቀጭን ፈጣን ጣቅታ የቫልቭ ነው። ሲቀዘቅዝ ኖሮ ሲሞቅ የሚጠፋው የተበላ ፒስተን ነው። ጭነት ሲበዛበት ከታች የሚደልቅ ወፍራም ድምፅ የቢዬላ ነው፤ ወዲያው አጥፉት! ይህን የነገሩን ሽማግሌው ናቸው። ለእሳቸውም የነገራቸው ሌላ ሽማግሌ ነው። ከአፍ ወደ ጆሮ።

ጋዜጠኝነት ተምረን ኪሳችን ውስጥ ድምፅ መቅረጫ ይዘን የምንዞር እኛ፣ የባለሥልጣን መግለጫ ከመቅዳት አንድ ቀን አርፈን የጋራዥ ሽማግሌ ብንቀዳ ምን ይለናል? ጋፋትን ማንም አልቀዳልንም።

ቸር ያሰማን!