የኢትዮጵያ አምባ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች

አምባ ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ፥ መውጫውም ጥቂት የሆነ ተራራ ነው። የአገሩ ሰው የሚያውቀው በኑሮው ነው፤ በሰላም ጊዜ ያርስበታል፥ ይቀድስበታል፤ በጠብ ጊዜ ይሸሸግበታል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ግን ይህንኑ ድንጋይ በየዘመኑ በልዩ ልዩ መልክ ገልጸውታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ አምባ ግሸን ነው። የነገሥታት ልጆች ስለ ዙፋን ሁከት እንዳያስነሡ በዚያ ይጠበቁ እንደ ነበር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። እርሱ የተረከው ስለ ጥብቅ ዘበኛና ስለ ቅጣት ነበር። ነገር ግን ሉዊስ ደ ኡሬታ በ1610 በእስፓንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ያ እስር ቤት ገነት መሰለ። ሳሙኤል ፐርቸስ በ1613 ወሬውን ወደ እንግሊዝኛ አገባው፤ ሚልተንም በ1667 ስለ ገነት መጥፋት ባሳተመው ታላቅ ግጥም የአማራን ተራራ ስም ጠራ። በ1735 የሎቦን የጕዞ መጽሐፍ የተረጐመው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ልዑሉን ከአምባው ራስ አውርዶ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ አኖረው። ስለዚህ የእስረኛው ወለል የነበረው ቋጥኝ ግድግዳ ሆነ። ከእነዚህ ደራስያን አንዱ ስንኳ አገሩን በዓይኑ አላየም።

ጄምስ ብሩስ ግን ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ኖሮ በ1790 መጽሐፉን አሳተመ። በዐድዋ አካባቢ ያሉትን ተራሮች አንዳንዱን እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ፥ አንዳንዱንም ጫፉ ወደ ታች እንደ ተተከለ ፒራሚድ አድርጎ ገለጸ። በ1805ና በ1810 ወደ ትግራይ የገባው ሠዓሊው ሄንሪ ሶልት የብሩስን ጽሑፍ በብዙ ቦታ ነቅፏል። እንዲህ እያለ የዓይን ምስክርነት በዓይን ምስክርነት መመርመር ጀመረ።

በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አምባ በከፍታውና በበሩ የሚለካ ምሽግ ሆነ። ከጦሩ ጋር የሄደው የምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋዩን ንብብር ለይቶ ዐዲግራት፥ አንታሎ፥ አሸንጌ፥ መቅደላ ብሎ በአገሩ ስም ሰየመ። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ይሠራባቸዋል። ነገር ግን ያ ትክክለኛ ዕውቀት የመጣው ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት፥ የመቅደላም መጻሕፍት በተዘረፉበት ዘመቻ ነው።

እንግዲህ የእንግሊዝኛውን ገለጻ ለታሪክ ማስረጃ የሚያደርግ ተማሪ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ጸሐፊው አይቶ ነበርን? የመጣውስ ለምን ነበር? ከዚህም ጋር የአምባው ነዋሪ አፋፉን፥ እርከኑን፥ ዋሻውንና በሩን በየስሙ የሚጠራበት ቃል ገና በሙሉ አልተሰበሰበም። ያ ካልተጻፈ ስለ አምባ የሚነገረው ታሪክ ከታች ሆኖ ወደ ላይ ያየ እንግዳ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።