ዳገትን በጥርስ ቍጥር

የሞተር ብስክሌቱን የኋላ ጥርስ ከ45 ወደ 48 ከፍ የሚያደርግ፣ ወይም የፊተኛውን ከ15 ወደ 14 ዝቅ የሚያደርግ ሰው፣ ከሞተሩ ከራሱ በዕድሜ የሚቀድም ጥበብ በእጁ እንደ ያዘ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። እርሱ የሚሻው ዳገቱን ሳይንገላታ መውጣት፣ ወይም በሜዳው ላይ ሞተሩ ሳይጮኽ መጓዝ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ብሎኑን ፈትቶ አንዱን ባለ ጥርስ ክብ አውልቆ ሌላውን በሚተካበት ሰዓት፣ ከእርሱ አስቀድሞ ካቴና ሠሪዎች፣ የብስክሌት ጋላቢዎችና የእሽቅድምድም መካኒኮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩት የኖሩትን አንድ ጥያቄ በገዛ ፈቃዱ ይመልሳል። ጥያቄውም፣ አንዱ ሞተር ለአቀበቱም ለሜዳውም ይበቃ ዘንድ ጉልበትና ፍጥነት በምን ልክ ይመንዘሩ የሚል ነው።

ስሌቱ ለተማሪ ልጅ እንኳ አይከብድም። የኋላው 45፣ የፊተኛው 15 ጥርስ ቢኖረው፣ ፊተኛው ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ፊተኛው 14 ሲሆን ግን ለዚያው ለአንዱ ዙር 3.21 ጊዜ መዞር ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህም በዚያው የመንገድ ፍጥነት ሞተሩ ከመቶ 7 እጅ ያህል አብዝቶ ይዞራል፣ ጎማውን የሚገፋውም ኃይል በዚያው ልክ ይበረታል፣ በእያንዳንዱ ማርሽ የሚደረስበት ፍጥነት ደግሞ በዚያው ልክ ይወርዳል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር የሚቈጠረውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ ኃይል አልተፈጠረም፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ዳገት ሲገጥመው እርምጃውን አሳጥሮ ቍጥሩን እንደሚያበዛ፣ ሞተሩም ያንኑ ሥራ በብዙ ዙር ከፋፍሎ ይወጣዋል እንጂ።

የዚህን ጥበብ ጥንተ ነገር ለሚፈልግ ሰው ከሞተሩ ዘመን ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቻይና መናገሻ በካይፌንግ፣ ሱ ሶንግ የተባለው ሊቅ የከዋክብትን ዑደት የሚያሳይ ታላቅ የሰዓት ግንብ ሲያሠራ፣ ኃይሉን ከታች ወደ ላይ ያደርስ የነበረው «የሰማይ መሰላል» የተባለ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ሰንሰለት ነበር። የዛሬው ካቴና ግን የተወለደው በእንግሊዝ አገር፣ በፈትልና በሽመና ፋብሪካዎች መካከል ነው። በስዊስ አገር በአራው ከተማ የተወለደው ሐንስ ሬኖልድ ወደ ማንቸስተር መጥቶ ሲኖር፣ በ1879 (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለሽመና መኪኖች ካቴና ይሠራ የነበረውን የጄምስ ስሌተርን ትንሽ ፋብሪካ በሳልፎርድ ገዛ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አጭር ቱቦ አግብቶ፣ በቱቦውም ላይ የሚሽከረከር ቀለበት አልብሶ የሠራውን ካቴና በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ የብረት ገጽ ጠርዝ ላይ ያርፍ ስለ ነበር መጋጠሚያው ፈጥኖ ይበላ ነበር፤ በሬኖልድ ሥራ ግን ሸክሙ በቱቦው ርዝመት ሁሉ ላይ ተከፋፈለ፣ ቀለበቱም በጥርሱ ላይ እየተሽከረከረ ሳይፋተግ ይገባና ይወጣ ጀመር። ዛሬ በብዙው ሞተር ብስክሌት ላይ ያለው ካቴና በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሳይሻር የኖረ የጥበበ እድ ሥራ ጥቂት ነውና፣ የዚህን ሰው ስም በክብር ማንሣት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዘመን ብስክሌት የሚባለው፣ የፊት ጎማው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ደግሞ እጅግ ያነሰ፣ ለመውጣትም ለመውረድም ድፍረት የሚጠይቅ መንኰራኵር ነበር። ፔዳሉ በፊተኛው ጎማ እምብርት ላይ ተተክሎ፣ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ብቻ ይዞር ስለ ነበር፣ ፍጥነት የፈለገ ሰው ጎማውን ከማተለቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ የጎማው ትልቅነትም በጋላቢው የእግር ርዝመት ይወሰን ነበርና፣ አጭሩ ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ረጅሙ የሚጋልበውን ጎማ ሊጋልብ አይችልም ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን ዝቅተኛ ብስክሌት አውጥቶ ኃይሉን በካቴና ወደ ኋላው ጎማ ባሻገረ ጊዜ ይህ ቀንበር ተሰበረ፤ ጎማው 28 ኢንች፣ የፊተኛውም ጥርስ የኋለኛው እጥፍ ቢሆን፣ ብስክሌቱ 56 ኢንች ጎማ ያለውን ያህል ይሄዳልና። ተፈጥሮ በእግር ርዝመት ወስናው የነበረውን ነገር የጥርስ ቍጥር ተረከበው።

እንዲህ ያለ መፍትሔ በእጃቸው ሳለ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ብዙዎቹ ካቴናውን ትተው የቆዳ ጠፍርን መምረጣቸው ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት አላደረጉትም። የዚያን ጊዜው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለውና በየምቱ እየነጠረ የሚገፋ ስለ ነበር፣ ካቴናው ያን መንገጫገጭ ሁሉ ሳያለዝብ ወደ ጎማው ሲያደርሰው፣ ጠፍሩ ጥቂት እየተሳበና እየተንሸራተተ ያበርደው ነበር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ጠፍሩ በዝናብ ይንሸራተታል፣ ውሎ ሲያድር ይረዝማል፣ ባልታሰበ ስፍራም ይበጠሳል። ካምቢዮም ሆነ ፍሪሲዮን የሌለው ጋላቢ ከአቀበት ግርጌ ሲደርስ ምን ያደርግ እንደ ነበር ማየት፣ የዛሬው ሰው ጥርስ መለወጥን ለምን እንደ ወረሰ ለመረዳት ይጠቅማል። በሞተሩ ዘንግ ላይ የተሰካው ፑሌጃ ሁለት ገጽ ያለው ሆኖ፣ አንደኛው ገጽ እየተሽከረከረ ከሌላው እንዲርቅና እንዲቀርብ ተደርጎ ይሠራ ነበር፤ ጋላቢው ወርዶ፣ ቁልፉን ከመሣሪያ ቦርሳው አውጥቶ፣ ገና በጋለው ሞተር ጎን ተንበርክኮ ሁለቱን ገጾች ያራርቃል፤ ጠፍሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ በትንሹ ክብ ላይ ይጠመጠማል፤ በዚህም ስለሚላላ መንጠቆውን ፈትቶ አንድ ቁራጭ ያወጣለታል፤ ዳገቱንም ከወጣ በኋላ ሁሉን መልሶ እንደ ነበረ ያደርጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ደጋግሞ ማድረግ የሰለቸው ሰው፣ ለዳገቱም ለሜዳውም የማይመች መካከለኛ ልክ መርጦ በዚያው ይጓዝ ነበር።

ይህ ጕድለት ለሕዝብ ዓይን የተገለጠው በማን ደሴት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1903 የወጣው ሕግ የመኪናን ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወስኖ ስለ ነበርና የሕዝብን መንገድ ለእሽቅድምድም መዝጋት ስላልተፈቀደ፣ የራስዋ ሕግ አውጪ ጉባኤ ያላት ይህች ደሴት በ1904 ባወጣችው ሕግ መንገዶቿን ለውድድር መዝጋትን ፈቀደች፤ በሜይ 28 ቀን 1907ም ቱሪስት ትሮፊ የተባለው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም በ25 ተወዳዳሪዎች ተጀመረ። በነጠላ ሲሊንደር ክፍል ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር ብስክሌት በአማካይ በሰዓት 38.21 ማይል እየሄደ አሸነፈ፤ በባለ ሁለት ሲሊንደሩ ክፍል ድሉ በኖርተን ላይ የተቀመጠው የሬም ፋውለር ሆነ። በኮሊየር ሞተር ብስክሌት ላይ ግን ፔዳል ነበረበት፤ ሞተሩ በአቀበቱ ላይ ሲደክም እግር ያግዘው ነበርና፣ በ1908ቱ ውድድር ፔዳል ተከለከለ። እግር እንዳይረዳ ከተከለከለ ዘንድ ማርሽ መርዳቱ የግድ ነው፤ የውድድሩም አዘጋጆች ይህን አውቀው፣ ሠሪዎቹን ወደ ተለዋዋጭ ማርሽ ለመግፋት በ1911 መንገዱን ከራምዚ ባሕር ዳር ተነሥቶ በስኔፌል ተራራ ጎን ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ በሚደርሰው፣ አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር በሆነው በተራራው ጎዳና ላይ አደረጉት። በዚያ ዓመት በትልልቆቹ ሞተሮች ክፍል (በትልቁ ክፍል) ጎድፍሬይ፣ ፍራንክሊንና ሙርሃውስ፣ ሦስቱም ከአሜሪካ በመጣው በኢንዲያን ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወጡ፤ ኢንዲያኑም ኃይሉን የሚያስተላልፈው በካቴና ሲሆን ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ነበረው። ተራራው የፈረደው ፍርድ ለማንም ግልጽ ነበር።

የጠፍር ወገኖች ግን ያለ ትግል አልወደቁም፤ ትግላቸውም ብልሃት የሞላበት ስለ ሆነ በችኰላ ማለፍ አይገባም። ፍሬዲ ባርንዝ የተባለው ሰው ለዜኒት ኩባንያ በሠራው ግራዱዋ በተባለው መሣሪያ፣ ጋላቢው ሳይወርድ አንድ እጀታ ሲያዞር የፑሌጃው ገጾች ይራራቃሉ ወይም ይቀራረባሉ፣ በዚያው ቅጽበት የኋላው ጎማ በሙሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ጠፍሩ ሁልጊዜ ጠብቆ ይኖራል። ይህ መሣሪያ ያለው ሞተር ብስክሌት በዳገት ውድድሮች ላይ አቻ ስላልተገኘለት፣ አንዳንድ ማኅበራት ከሌሎቹ ጋር እንዳይወዳደር ከለከሉት፤ ዜኒትም ቅር ከመሰኘት ይልቅ «የተከለከለ» የሚለውን ቃል የንግድ ምልክቱ አድርጎ በማስታወቂያው ላይ አወጣው። በ1914 ደግሞ ሲረል ፑሊን በዚሁ ዓይነት ብልሃት በተሠራው በረጅ መልቲ ላይ ሆኖ የማን ደሴትን ታላቅ ውድድር በሰዓት 49.49 ማይል አሸነፈ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 ውድድሩ ሲቀጥል ግን የትልቁ ክፍል ድል የካቴና ነበር፤ ጠፍሩም ጥቂት ቈይቶ ከገበያው ወጣ።

ካምቢዮ በየሞተሩ ላይ ከገባ ወዲያ ጥርስ መለወጥ የሚቀር ይመስል ነበር፤ አልቀረም። የዚህም ምክንያት የነገሩ ዋና ምሥጢር ነው፦ ካምቢዮ ማርሾቹን እርስ በርሳቸው ያራርቃቸዋል እንጂ፣ ሁሉንም በአንድነት ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸው በውጭ ያለው ጥርስ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ሠሪው ለማያውቀው ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ይወስነዋል፤ በውጭ ያለውን ግን ባለቤቱ ለመንገዱና ለጭነቱ እንዲያስተካክለው ተወለት። በእንግሊዝ አገር መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሠራተኛ በሞተር ብስክሌቱ ጎን ባለ አንድ ጎማ ሳይድካር ገጥሞ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሚጓዝበት ዘመን፣ ፋብሪካዎቹ ለአንዱ ሞዴል ሁለት ልክ ያወጡ ነበር፤ ብቻውን ለሚሄደው ጋላቢ ብዙ ጥርስ ያለው፣ ሳይድካር ለሚጎትተው ደግሞ ጥቂት ጥርስ ያለው የሞተር ክብ ይሰጥ ነበር። ካምቢዮው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፤ ቤተሰቡን ዳገት የሚያወጣው በዚያች መዳፍ በማትሞላ ብረት ላይ የጎደሉት ጥቂት ጥርሶች ናቸው።

በብስክሌቱም በኩል ልማዱ ከሚገመተው በላይ ቈይቷል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ድሉ የሰው እንጂ የመሣሪያ እንዳይሆን በማለት ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን መሣሪያ ለዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች ሳይፈቅድ ኖረ፤ ስለዚህም ጋላቢዎቹ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ወርደው፣ በሁለት ወገኑ የተለያየ ጥርስ ያለበትን የኋላ ጎማ አውልቀው ገልብጠው ይገጥሙ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1937 ነው። ደግራንዥ በዚህ ነገር ተሳስቷል ብዬ አስባለሁ፤ ዳገትን በትክክለኛው ጥርስ መውጣት ከብርታት የሚቀንሰው ነገር የለምና።

ጥንታዊው ልማድ ዛሬም ሳይደባለቅ የሚታይበት ስፍራ ግን የስፒድዌይ እሽቅድምድም ነው። በ1923 በአውስትራሊያ በዌስት ሜትላንድ፣ በ1928 ደግሞ በለንደን አቅራቢያ በሃይ ቢች ስሙ የተነሣው ይህ ውድድር፣ ፍሬን በሌለው፣ በአንድ ማርሽ ብቻ በሚሄድ 500 ሲሲ ሞተር በደቀቀ አፈር ላይ አራት ዙር የሚሮጥበት፣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነው። ጋላቢው መንገድ ላይ ማርሽ ሊለውጥ ስለማይችል፣ ፍርዱ ሁሉ ከመነሻው በፊት በመካኒኩ እጅ ያልቃል። መካኒኩ ወደ ሜዳው ወጥቶ አፈሩን በጫማው ጫፍ ይገፋዋል፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ፣ ሞተሩ እንዳይታነቅ ብዙ ጊዜ ከኋላ ጥርስ ይጨምራል፤ አፈሩ በጎማዎች ተጠርጎ የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር ይቀንሳል። በሁለት ሩጫዎች መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ክቡን ለውጦ፣ የካቴናውን ውጥረት በጣቱ ተጭኖ ይመረምራል፤ የመረጠውንም ቍጥር ከሜዳው ስም ጋር በደብተሩ ይጽፋል። የአንድ ጥርስ ስሕተት በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይታያልና።

ጥርስ ለመለወጥ ላሰበ አንባቢ ከዚህ ታሪክ የሚተርፍ ጥቂት ምክር አለ። ፊተኛውን እጅግ ማሳነስ በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ ቢመስልም፣ ካቴናው በትንሽ ክብ ላይ አጥብቆ ስለሚታጠፍ ሁለቱም ፈጥነው ይበላሉ፤ የሚቻል ሲሆን ከኋላ መጨመር ይሻላል። የካቴና መጋጠሚያዎች ቍጥር ለሁለት እኩል የሚከፈል ነውና፣ ጎዶሎ ቍጥር ያለው ጥርስ ሲገጠም አንዱ ጥርስ ዘወትር ከዚያው መጋጠሚያ ጋር ስለማይገናኝ መበላቱ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከካምቢዮው የሚነሣ ከሆነ፣ ከለውጡ በኋላ የሚያሳየው ቍጥር እውነተኛው አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን፣ የረዘመ አሮጌ ካቴና በአዲስ ጥርስ ላይ አይዋል፤ አዲሱን ጥርስ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋልና፣ የፊተኛውን ጥርስ፣ የኋለኛውንና ካቴናውን ሦስቱን በአንድነት መለወጥ ይገባል።