‹‹ዦሊ ብሎን››፦ የሉዊዚያና ካጁኖች ዋልትዝ

‹‹ዦሊ ብሎን›› በደቡባዊ ሉዊዚያና የሚኖሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካጁኖች ዋልትዝ ነው። በሦስት ምት የሚሄደው ይህ ዜማ ጥላው ወደ ቤተሰቧ ስለተመለሰች ወርቃማ ጸጉር ሴት የሚያንጎራጉር ሲሆን፣ ‹‹የካጁኖች ብሔራዊ መዝሙር›› እየተባለም ይጠራል።

ካጁን የሚለው ስም የመጣው ‹‹አካዲያን›› ከሚለው ቃል ነው። በዛሬዋ የካናዳ ግዛት ኖቫ ስኮሺያና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩት አካዲያውያን እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ በእንግሊዞች ከመሬታቸው ተነቅለው ተበተኑ፤ ከፊሎቹ ከ1760ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ሉዊዚያና ሰፈሩ። የጭፈራቸው ዋነኛ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ቫዮሊን ነበር። ድምፁ ከጫጫታው በላይ እንዲሰማ ተጫዋቹ ሁለት አውታሮችን በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ቫዮሊኖቹ ሁለት ከሆኑም አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከሥር በወፍራም ድምፅ ምቱን ይጠብቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አኮርዲዮን ሲስፋፋ ግን ቫዮሊን ወደ አጃቢነት ወረደ። የአኮርዲዮኑ ቅኝት ከፋብሪካው የተወሰነ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አውታሮቹን ዝቅ አድርጎ የሚያላምደው ቫዮሊነኛው ነበር።

ዋልትዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው በ1929 አትላንታ ውስጥ፣ በአሜዴ ብሮ፣ በወንድሙ ኦፌና በእኅታቸው ክሌኦማ ነው። የሸክላው ርእስ ‹‹ወርቃማዋ ሄደች›› የሚል ትርጉም ነበረው። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያስለመደው ሀክቤሪ ራምብለርስ የተሰኘው ባንድ ነው። መብራት ባልገባባቸው የገጠር አዳራሾች ባንዱ የድምፅ ማጉያውን የሚያሠራው ከደጅ በቆመ መኪና ሞተር ነበር።

ቫዮሊንን ወደ ፊት መልሶ ያመጣው ሃሪ ቾትስ ነው። በ1946 ሂዩስተን ውስጥ ለጎልድ ስታር ኩባንያ የቀረጸው ዘፈን በቀጣዩ ዓመት በቢልቦርድ መጽሔት የሕዝባዊ ሙዚቃ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። በሸክላው ላይ ርእሱ የታተመው በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሳይሆን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ እንደሚሰማው ነበር፤ ስሕተቱም ዘፈኑ ከቋንቋው ባለቤቶች ምን ያህል ርቆ እንደተጓዘ ያሳያል። የፒያኖ ተጫዋቹ ሙን መሊካን እንግሊዝኛውን ከፈረንሳይኛ መሰል ቃላት ጋር ቀላቅሎ የሠራው ቅጂ እንዲያውም ከቾትስ የላቀ ደረጃ አግኝቷል። ቾትስ መብቱን በ100 ዶላርና በአንድ ጠርሙስ ውስኪ እንደሸጠ በስፋት ይነገራል። በ1951 ኦስቲን ውስጥ በእስር ቤት ሳለ በ28 ዓመቱ ሞተ።

ዘፈኑ በአሜሪካ ጁክቦክሶች በሚሰማበት በዚያው ዘመን የሉዊዚያና ልጆች በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። የ1921 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበርና። ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸው እንዳያፍሩ በማሰብ ቋንቋውን ሳያወርሷቸው ቀሩ፤ ከቅጣቱ ይበልጥ የጎዳው ምናልባት ይህ ዝምታ ነው። ዜማውን በቃሉ የያዘ፣ ግጥሙን ግን የማይረዳ ትውልድ የመጣውም በዚህ መንገድ ነው።

አቅጣጫው መለወጥ የጀመረው በ1964 ነው። ቫዮሊነኛው ዱዊ ባልፋ በኒውፖርት የሕዝባዊ ሙዚቃ ፌስቲቫል፣ በሰው ምትክ ጊታር ይዞ፣ ከሁለት የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሲጫወት ታዳሚው በከፍተኛ ጭብጨባ ተቀበላቸው። ባልፋ ያን ጭብጨባ ወደ አገሩ ለማስተጋባት ቆርጦ ተመለሰ። በ1968 ሉዊዚያና ፈረንሳይኛን የሚያስፋፋ የመንግሥት ምክር ቤት አቋቋመች፤ በ1974 ደግሞ በላፋዬት ከተማ ለካጁን ሙዚቃ ክብር ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። ባልፋ በትምህርት ቤቶች እየዞረ ቫዮሊን መጫወቱንና ከልጆቹ ጋር በፈረንሳይኛ መነጋገሩን በ1992 እስከ ሞተበት ጊዜ አላቋረጠም።